ስልኩ ሲጠራ፦ የወታደር ቤተሰብ ኑሮና የትምህርት ቤታችን ድርሻ

በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን ሞባይል በቦርሳዋ ይዛ ተገኘች። ደንባችን ግልጽ ነው፤ ሞባይል ወደ ክፍል አይገባም። የክፍል ኃላፊዋ ስልኩን ወስደው ለቢሮ አስረከቡ፤ እኛም ለእናቷ መለስን። በሳምንቱ ያንኑ ስልክ ይዛ መጣች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ አለቀሰች እንጂ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በሦስተኛው ጊዜ በማኅደሯ ላይ «እምቢተኛ» ብለን ጻፍንና ወላጅ ጠራን።

እናቷ ከሥራ አስፈቅደው መጡ። ቁጭ ብለው ትንሽ ካረፉ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «አባቷ ግዳጅ ላይ ነው። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይደውላል፤ መቼ እንደሚደርስ እሱም አያውቀውም። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስልክ ማንሳት አይፈቀድልኝም። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ደውሎ ሁለታችንንም አጣን። ስልኩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳትናገር ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል። ልጅቷ እምቢተኛ አልነበረችም፤ ዘበኛ ነበረች። ያንን ቃል ከማኅደሯ ላይ ሰረዝነው። በዚያው ሳምንት መምህራኑን ሰብስበን «ከተማሪዎቻችን መካከል የወታደር ልጅ ማን ነው?» ብለን ስንጠያየቅ የምናውቀው በጣም ጥቂት ሆኖ አገኘነው። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ውይይት ነው።

በዙሪያችን ያሉ የወታደር ቤተሰቦች

ጅቡቲ ትንሽ አገር ብትሆንም የብዙ አገር ወታደር የሚኖርባት ናት። የፈረንሳይ ጦር አገሪቱ ነፃ ከወጣችበት እ.ኤ.አ. ከ1977 በኋላም በስምምነት ቆይቷል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በካምፕ ሌሞኒየር ሰፍረዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚህ የጦር ሰፈር ከፍተዋል። ከፈረንሳዮቹ መካከል ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ሁለት ዓመት ያህል የሚቀመጡ አሉ፤ ልጆቹም እዚሁ ይማራሉ። አሜሪካኖቹ ግን በአብዛኛው ቤተሰብ ሳያስከትሉ ነው የሚመጡት። እንግዲህ የወታደር ቤተሰብ ኑሮ ሁለት ዓይነት መሆኑን ከዚሁ ማየት ይቻላል፤ አንዱ አብሮ የሚዞር፣ ሌላው ቤቱ ሆኖ የሚጠብቅ።

በሃያብለ ጎረቤቶቻችን ዘንድ የሚበዛው ሁለተኛው ነው። የጅቡቲ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ወደ ሶማሊያ፣ በለድወይን አካባቢ ሲሄዱ ኖረዋል። የኢትዮጵያ ሠራዊትም በጥር 2006 ዓ.ም. ይህንኑ ተልዕኮ ተቀላቅሏል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት እናቶች፣ አንዷ በሶማልኛ፣ አንዷ በአማርኛ፣ ስለ አንድ አገር ዜና እኩል ሲጨነቁ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ግዳጅ ላይ ያለችው እናት፣ ቤት የቀረው አባት የሆነበት ቤተሰብም እንዳለ መርሳት አይገባም።

ከዚሁ ወደብ የተነሱት

ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ የማያውቁት አንድ ታሪክ አለ። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በመርከብ የተሳፈረው ከዚህች ከተማ ወደብ ነው። ዘመኑ 1943 ዓ.ም.፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። ከክብር ዘበኛ የተመረጡት ወታደሮች ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርደው በአሜሪካ መርከብ ተሳፈሩ፤ ፑሳን ለመድረስ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ቆዩ። «ቃኘው» የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ሻለቃዎቹ በየተራ እየተተኩ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያን ረግጠዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አልነበረም።

ይህ የጦር ሜዳው ታሪክ ነው። እስቲ የቤቱን ደግሞ እናስብ። ያኔ ሞባይል የለም። ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ የመጣውንም ደብዳቤ ማንበብ የማይችል ቤተሰብ ብዙ ነበር። ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይነበብለት ነበር። የሰው አባት ደብዳቤ የሚያነብ ልጅ ምን ያህል ኃላፊነት እንደተሸከመ አስቡት። ወታደሮቹም ቢሆኑ ልጅ አልረሱም፤ በዶንግዱቾን ከተማ ወላጆቻቸውን በጦርነት ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ይረዱ ነበር። የራሱን ልጅ ትቶ የሄደ ሰው የሰው ልጅ ሲያይ ዝም ማለት አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ላይቤሪያ፣ ቡሩንዲ፣ ዳርፉርና አብዬ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች «አባቴ ያለበት ቦታ» የሚባሉ ስሞች ሆነዋል። የወታደር ልጅ ካርታ የሚማረው ከመምህሩ ቀድሞ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይሆናል?

ከወላጆች ጋር ባደረግነው ውይይት የግዳጅ ጊዜ ለቤተሰቡ አራት ምዕራፍ እንዳለው ተረድተናል።

የመጀመሪያው ከመሄዱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ትእዛዝ ይመጣል፤ ሻንጣ ይወጣል፤ ደመወዙን ሚስት እንድትቀበል ውክልና ይጻፋል። ልጆች ሳይነገራቸው ያውቃሉ። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለምክንያት ጠብ ይበዛል።

ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። ትንንሾቹ ሌሊቱን ይቆጥራሉ፤ አንዳንዶቹ አልጋ ማርጠብ ይጀምራሉ። ከፍ ያሉት ዝም ይላሉ፤ ወይም በትንሽ ነገር ይደባደባሉ።

ሦስተኛው ረጅሙ መካከለኛ ጊዜ ነው። ቤቱ አዲስ ሥርዓት ይይዛል። እናት ሁለቱንም ሥራ ትሠራለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅ ራሱን አባወራ አድርጎ ይሾማል፤ በሩን እሱ ይዘጋል፤ መብራት ሲጠፋ ታናናሾቹን እሱ ያረጋጋል።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ መመለስ ነው። አባት ሲመለስ ሁሉም ነገር በደስታ የሚያልቅ ይመስለናል። ነገር ግን እሱ የሚያውቀው ቤት ተለውጦ ይጠብቀዋል። ልጁ አድጓል፤ የቤቱ ልማድ ሌላ ሆኗል፤ ያ የአሥራ ሁለት ዓመት «አባወራ» ሥልጣኑን እንዲያስረክብ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ውጤቱ የሚቀንስ ተማሪ አጋጥሞናል። አባቱ መጥቶ እያለ ለምን እንደደከመ ግራ ገብቶን ነበር፤ አሁን ገብቶናል።

ትንንሾቹ ጀብዱዎች

የወታደር ቤተሰብ ኑሮ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ለተማሪዎቻችን «የማልረሳው ቀን» በሚል ርዕስ ድርሰት አጽፈን ነበር፤ ሁለቱን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

አንዱ ተማሪ ቤተሰቡ ለአባቱ ስለላከው ስንቅ ጽፏል። እናቱ ቆሎ ቆልተው፣ በሶ ፈጭተው፣ ትንሽ በርበሬ ጨምረው በጨርቅ ቋጠሩ። ቋጠሮው ከአንድ ዘመድ ወደ አንድ ሾፌር፣ ከሾፌሩ ወደ አንድ ወታደር እየተቀባበለ ተጓዘ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባት ደውሎ «ቆሎው ደርሷል፤ ግን መንገድ ላይ ቀንሷል» አለ። የያዘው ሁሉ እየቀመሰ ነበር የተላከው። ልጁ የጻፈው መደምደሚያ አስቆናል፦ በሚቀጥለው ጊዜ ለመንገደኞቹ የተለየ ቆሎ ለብቻው ይቋጠራል።

ሌላዋ ተማሪ ያባቷ ፈቃድ አሥር ቀን ብቻ ስለነበር ቤተሰቡ ድሬዳዋ ሊገናኝ በባቡር የሄደበትን ቀን ጽፋለች። ከሰፈራችን ብዙም ከማይርቀው ከናጋድ ጣቢያ ተነሡ። አሮጌው ባቡር ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ድረስ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአሁኑ የኤሌክትሪክ መስመር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። መንገድ ላይ ግመሎች ሐዲዱ ላይ ገብተው ባቡሩ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየ ሲስቅ እሷ ግን በጣቷ ትቆጥር ነበር፤ ከአሥሩ ቀን አንድ ቀን ግመል ሊበላባት ነው። ጣቢያው ደርሰው ሲወርዱ አባቷ የሲቪል ልብስ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ቆሟል። ታናሽ ወንድሟ አላወቀውም፤ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። አባትየው አልጠራውም፤ ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና ቤት ሲገባ የሚያፏጨውን ፉጨት አፏጨ። ልጁ ያኔ ሮጠ።

እኛ ምን እናድርግ?

በትምህርት ቤታችን በኩል ከዚህ ዓመት ጀምሮ የወሰንናቸው ነገሮች አሉ።

በምዝገባ ቅጹ ላይ «ከወላጅ አንዱ ከቤት ርቆ ይሠራል ወይ?» የሚል ጥያቄ ጨምረናል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ አንጠይቅም፤ መልሱንም የሚያየው የክፍል ኃላፊው ብቻ ነው።

በዓመቱ መካከል የሚመጣ ተማሪ የሚቀመጥበት ወንበርና አንድ ወር አብረውት የሚሆኑ ሁለት ጓደኞች አስቀድመው ይዘጋጁለታል። በኢትዮጵያ ክልሎች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚሰጥ፣ ከዚያ ተዛውሮ የሚመጣ ጎበዝ ተማሪ በአማርኛ ሊቸገር ይችላል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም፤ ማካካሻ ትምህርት ይሰጠዋል።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ደብዳቤ መጻፍ ይኖራል። ሁሉም ተማሪ ራቅ ላለ ዘመዱ ይጽፋል። የወታደር ልጅ ተለይቶ አይጠራም።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ጓደኛችሁን «አባትህ ሰው ገድሏል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ባይመለስስ?» ብላችሁም አትቀልዱ። ወላጃችሁ ግዳጅ ላይ ያለ ደግሞ የት እንዳለ፣ መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ ፎቶም ሆነ ጽሑፍ በቲክቶክም በሌላም አታውጡ። ለእናንተ ናፍቆት ነው፤ ለሌላ ሰው መረጃ ሊሆን ይችላል።

ውድ ወላጆች፣ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። ለልጆች እንደ ዕድሜያቸው እውነቱን ንገሯቸው፤ «ነገ ይመጣል» ተብሎ ነገ ያልመጣ አባት ልጁ ቀጥሎ የሚሰማውን ሁሉ እንዲጠራጠር ያደርጋል። «ቆይ አባትህ ሲመጣ!» እያላችሁ አታስፈራሩ፤ የሚናፈቅ ሰው ማስፈራሪያ መሆን የለበትም። ሁለተኛውን ልጅ ትልቁ ወንድሙ እንዲያሳድገው አትተዉ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለቤት ሥራውና ለኳሱም ጊዜ ያስፈልገዋል። ወታደር ቤተሰብ የሌላችሁ ደግሞ፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤታችሁን መጥራት፣ ልጇን ከልጃችሁ ጋር ከትምህርት ቤት ማምጣት ትልቅ እርዳታ መሆኑን እወቁልን።

የሞባይሉ ደንብ አልተለወጠም፤ አሁንም ወደ ክፍል አይገባም። ነገር ግን በቢሯችን ውስጥ እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች ስልክ የሚቀመጥበት አንድ መሳቢያ ለይተናል። ስልኮቹ አይጠፉም፤ ድምፃቸውም አይቀነስም። ሲጠራ በአቅራቢያው ያለ ሰው አንስቶ «አንድ ጊዜ ይጠብቁ» ይልና ልጁን ለመጥራት ይሮጣል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ በሒሳብ ፈተና ሰዓት፣ የዚያች ተማሪ ስልክ ጠራ። ፈታኟ መምህርት ሰዓቱን መዝግበው አስወጧት። አራት ደቂቃ ተነጋገረች፤ ተመልሳ ስትቀመጥ አራት ደቂቃ ተጨመረላት። ፈተናውን አልፋለች።