ዕቁቡ የእሷ፣ ስሙ የማን?

ጆሃንስበርግ መሃል ከተማ ያለ ሐበሻ «ጄፒ ነኝ» ሲል ስልኩን ያነሳው ሰው ሁሉ የት እንዳለ ያውቃል። ጄፒ የሚባለው መንገድ ግን በዚያ ስም መጠራቱን ከተወ ቆይቷል። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2014 ራሂማ ሙሳ ብሎታል፤ ኦገስት 9 ቀን 1956 የይለፍ ወረቀት ሕግን ተቃውመው ወደ ፕሪቶሪያ የዘመቱትን ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች ከመሩት አንዷ ናት። ያን ዕለት ነፍሰ ጡር ነበረች። አብረዋት የመሩት ሊሊያን ንጎዪ፣ ሄለን ጆሴፍና ሶፊ ደ ብሩይንም እዚያው አካባቢ በየስማቸው መንገድ አላቸው። በአራት ሴቶች ስም በተሰየሙት በነዚህ መንገዶች ዙሪያ ሐበሻው ይነግዳል። ድሮ የሐኪሞች ሕንፃ የነበረው ሜዲካል አርትስ ክፍሎቹ ተሸንሽነው ሱቅ ከሆኑ ወዲህ፣ ብርድ ልብሱም ጂንሱም ከዚያ ተጭኖ ሎኬሽን ወደሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮችና ወደ ገጠር ከተሞች ይወርዳል። ራሳቸው ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ያም ሆኖ የሱቁ ኪራይ፣ የባንክ ሒሳቡና የመኪናው ሊብሬ በአብዛኛው በወንድ ስም ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላዋ ሴት ነው፣ ቤት ስለዋለችው። ባሏ ሳይነጋ ይወጣል፤ እሷ ልጆች ታደርሳለች፣ ታበስላለች፣ ማታ ዕቃ ትለያለች፣ የዱቤውን ደብተር ትይዛለች። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ እናቶች ከሆሳዕናና ከከምባታ አካባቢ ለጋብቻ የመጡ ናቸው። «የቤት እመቤት» የሚለው ቃል ራሱ ቀልደኛ ነው፤ እመቤት የተባለችበት ቤት በስሟ የለም። ከአስቤዛ ከሚተርፈው ግን ዕቁብ ትጥላለች። ልጆቹ ከፍ ሲሉ «ይህን ገንዘብ ለነገ የማውለው እንዴት ነው?» ብላ መጠየቅ ትጀምራለች። ለዚህ ጥያቄ ከየአቅጣጫው የሚሰነዘረው መልስ አክስዮን ግዢ፣ መሬት ግዢ፣ ዶላር ያዢ የሚል ነው። እንደ እኔ ግን የእሷ ችግር ቁጠባ ማጣት አይደለም። ቁጠባው አለ፤ የጎደለው ስሟ ነው።

ከዕቁቡ እንነሳ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ፣ ዕጣ ይወጣል። ባንክ ፊት የማይሰጠው ስደተኛ ሱቅ የከፈተው በዕቁብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አገሬዎቹም አምሳያው አላቸው፤ ስቶክቬል ይሉታል። ቃሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ኬፕ እንግሊዝ ሰፋሪዎች ያካሂዱት ከነበረው የከብት ጨረታ ገበያ የመጣ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው የስቶክቬሎች ብሔራዊ ማኅበር ከ800,000 በላይ ቡድኖችና 11 ሚሊዮን ያህል አባላት እንዳሉ ይገምታል። ለቀብር የሚዋጣው ቁርጥ የእኛ ዕድር ነው። ለገና አስቤዛ በጅምላ ለመግዛት የሚዋጣውንም ብንቀዳው አይጎዳንም።

ዕቁብ ግን ገንዘብ ይሰበስባል እንጂ አያራባም። የመጀመሪያውን ዕጣ ያገኘችው ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው። የመጨረሻዋ ባለዕጣ የጣለችውን ያህል ብቻ ትወስዳለች፤ በመሃል ዱቄትና ዘይት ስለተወደደ ደግሞ በእጇ የገባው ብር ከጣለችው ያነሰ ይገዛል። ዕጣው ሲወጣም ገንዘቡ ቤት አያድርም፣ ወደ ሱቁ ይገባል። ሱቁ ውስጥ ዕቃ ይሆናል፤ ዕቃው እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2019 በስደተኞች ላይ በተነሳው ጥቃት እንደታየው ባንድ ሌሊት ሊዘረፍ ይችላል። የቤተሰቡ ሀብት በሙሉ ያለው አንድ የብረት መዝጊያ ጀርባ ነው፤ የእሷም ዕቁብ እዚያው።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን ይላል? በደቡብ አፍሪካ ሁለት ሰዎች ከጋብቻ በፊት የንብረት ውል ሳይፈራረሙ በሕግ ከተጋቡ ንብረታቸው አንድ ነው፤ ሀብቱም ዕዳውም። «ዕዳውም» የሚለውን የነጋዴ ሚስት ሁለቴ ብታነበው ይበጃል። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የጋብቻ ንብረት ሕግ ሌላ መንገድ ከፍቷል። ውል የተፈራረሙ ጥንዶች ንብረታቸውንና ዕዳቸውን ለየብቻ ይይዛሉ፣ በትዳሩ ዘመን ያደገውን ግን ሲለያዩ ወይም አንዱ ሲሞት ይተሳሰባሉ። ይህንኑ መተሳሰብ በውል አስቀርተው የሚጋቡም ነበሩ፣ አሉም። በዚህ ዓይነቱ ጋብቻ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት ባዶ እጇን ትወጣ ነበር። ፍርድ ቤት ለእንዲህ ያለችው ድርሻ እንዲቆርጥ የሚፈቅደው ድንጋጌ ይሠራ የነበረው ከ1984 በፊት ለተጋቡት ብቻ ነበር፣ ለጥቁሮች ከ1988 በፊት። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ኦክቶበር 10 ቀን 2023 ያን የቀን ገደብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው። ከዚያ ወዲህ የቤት ውስጥ ሥራ ለባል ሀብት ማደግ አስተዋጽኦ ነው ብላ ለመከራከር የተጋባችበት ዓመት አይከለክላትም።

ይህ ሁሉ ግን ጋብቻዋ በሕግ ፊት ጋብቻ ለሆነላት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀርበው የተጋቡ ጥንዶች፣ ያጋባቸው አገልጋይ በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተሾመ አጋቢ ካልሆነ፣ በመዝገብ ባልና ሚስት አይደሉም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ የተፈጸመውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የባህላዊ ጋብቻ ሕግ የሚያውቀው የደቡብ አፍሪካን ነባር ሕዝቦች ልማድ ነው፤ የሐዲያ ወይም የአማራ ሽምግልና እዚያ ውስጥ የለም። በዲሴምበር 31 ቀን 2021 የወጣ ሌላ ውሳኔ ትንሽ መተንፈሻ ሰጥቷል። ለጥሎሽ ወደ ዚምባብዌ ሊሄዱ ሲሉ አብሯት የሚኖረው ሰው የሞተባት የቤት ሠራተኛ ተከራክራ፣ በቋሚነት አብሮ የኖረ አጋር ያለ ኑዛዜ የሞተን ሰው ሊወርስ እንደሚችል ተፈርዶላታል። እሱ ግን ውርስ ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ የሱቁ ገንዘብ የማን እንደሆነ አይመልስም።

አገር ቤት ተጋብተው የመጡት ደግሞ ሌላ እንግዳ ነገር ይገጥማቸዋል። በደቡብ አፍሪካ ኮመን ሎው (በፍርድ ቤት ውሳኔዎች በዳበረው ሕግ) የጥንዶች ንብረት የሚተዳደረው ሲጋቡ ባልየው ቋሚ መኖሪያው በነበረበት አገር ሕግ ነው፤ የሚስት መኖሪያ አይጠየቅም። የሕግ ምሁራን ይህ እኩልነትን ይጥሳል ብለው ለብዙ ዓመታት ተችተውታል። ነገሩ ባሏ ኢትዮጵያ እየኖረ ላገባት ሴት ሳይታሰብ ሊጠቅማት ይችላል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በትዳር ዘመን የተፈራ ንብረት፣ በአንደኛው ስም እንኳ ቢመዘገብ፣ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው የሚያስረዳው። ክልሎችም በአብዛኛው ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን በሻንጣ ሥር የቀበረች እናት ካላት ሰነድ ሁሉ ውዱን ነው የቀበረችው።

ከጋብቻው ወረቀት ቀጥሎ የስደቱ ወረቀት አለ። በጥገኝነት ጠያቂ ፈቃድ የምትኖር ሴት የባንክ ሒሳቧ ዕድሜ ከፈቃዷ ዕድሜ ጋር የታሰረ ነው፤ እድሳቱ ከዘገየ ገንዘቧ አለ፣ ማውጣት ግን አትችልም። ለአነስተኛ ቆጣቢዎች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው፣ ሲጀመር ከ1,000 ራንድ ጀምሮ ይሸጥ የነበረው የመንግሥት ቦንድ የደቡብ አፍሪካ መታወቂያ ስለሚጠይቅ ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ብቻ ነው። በእርጅና መንግሥት የሚሰጠው ድጎማም ስደተኝነታቸው ለጸደቀላቸው እንጂ ጉዳያቸው በእንጥልጥል ላለ አይደለም። እንግዲህ ደሞዝ የሌላት፣ ጡረታ የሌላት፣ ድጎማም የሌላት ሴት ናት «ኢንቨስት ላድርግ ወይ» ብላ የምታመነታው። ከእሷ የበለጠ የሚያስፈልገው ማን ነው?

የተከፈተላት በር አለ። ደቡብ አፍሪካ ከማርች 2015 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነ የቁጠባ ሒሳብ ፈቅዳለች። ሕጉ ለማን እንደሆነ ሲናገር «የተፈጥሮ ሰው» ነው የሚለው፤ ዜጋ አይልም፣ ደሞዝተኛም አይልም። በዓመት የሚገባው ጣሪያ ሲጀመር 30,000 ራንድ ነበር፣ በ2020 36,000 ደርሷል። በዕድሜ ልክ የሚገባው ደግሞ 500,000 ነው። ቁጥሩ በየበጀቱ ሊለወጥ ስለሚችል የዘንድሮውን ማረጋገጥ ያሻል፤ ምክንያቱም ከጣሪያው ባለፈው ገንዘብ ላይ 40 ከመቶ ቅጣት አለ። ሒሳቡን የሚከፍቱት ድርጅቶች የግብር ቁጥርና ማንነትን የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ከመታወቂያ በቀር አይቀበልም፣ ሌላው በፓስፖርት ይከፍታል፤ ስለዚህ አንዱ ጋ ስትመለስ ተስፋ አትቁረጥ። ባል ለሚስቱ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ የስጦታ ግብር የለም።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ወለድ የሚከፍል ተቀማጭ ብቻ ማስቀመጥ ግን ጥቅሙን ማባከን ነው። ለነዋሪ በዓመት እስከ 23,800 ራንድ የሚደርስ ወለድ ለረጅም ዓመታት ድሮም ከግብር ነፃ ሆኖ ቆይቷል፤ ትንሽ ቆጣቢ ከዚያ አታልፍም። ነፃነቱ የሚታወቀው አክስዮን ላይ ነው። የጆሃንስበርግ አክስዮን ገበያ ወርቅ በተገኘ ማግስት፣ በ1887 የተቋቋመ ነው። በ2000 ወደ ሳንድተን እስኪዛወር ድረስ ዳያጎናል ስትሪት ነበር፣ ከጄፒ በእግር የሚደረስ። በዚያው ዓመት የገበያውን አርባ ትልልቅ ኩባንያዎች ባንድ ላይ የሚገዛ ሳትሪክስ 40 የተባለ ፈንድ ወጣ። አንዲት እናት የየትኛው ኩባንያ ዋጋ እንደሚወጣ መተንበይ ሳያስፈልጋት ከአርባውም ቁራሽ ትይዛለች።

በወር 500 ራንድ ለ18 ዓመት ብትጥል ያስገባችው 108,000 ይሆናል። በዕቁብ ቢሆን የምታወጣውም 108,000 ነው። በአማካይ በዓመት 8 ከመቶ ቢያድግ 240,000 ገደማ ይደርሳል። «ቢያድግ» ነው ያልኩት፤ ገበያው ቃል አይገባም። በማርች 2020 በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲሶው ገደማ ሄዶ በዓመቱ መጨረሻ ነው ያገገመው። በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ቤት የሚከፈል ገንዘብ እዚያ አይገባም። በወር አሥር ከመቶ እከፍላለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ከራሳችን ሰው እንኳ ቢሆን፣ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ዘንድ ፈቃዱን መጠየቅ ነው። ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የተባለው የቢትኮይን ድርጅት ሲፈርስ የስንቱን ጡረታ ይዞ እንደጠፋ ይህ አገር አይቷል።

ብዙዎች ገንዘቡን አገር ቤት ይልካሉ። እዚያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የአክስዮን ገበያ ተከፍቷል። ከሱ በፊትም ሴቶች ያቋቋሙትና እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው እናት ባንክ ነበር። ግን ጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በብር የተቀመጠ ቁጠባ በራንድ ሲመነዘር ምን እንደቀረው የላከ ሁሉ ያውቀዋል። ቤት የሠሩት ይሻላሉ፤ ካርታው በባል ወንድም ስም ካልሆነ።

አሁን አሁን እናቶች የሚያዘወትሩት ሌላ ነገር አለ፤ ያንኑ ከግብር ነፃ ሒሳብ በልጃቸው ስም መክፈት። ይቻላል። የገባው ሁሉ ግን ከልጁ የ500,000 ዕድሜ ልክ ድርሻ ላይ ይቀነሳል፣ ገንዘቡም የልጁ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መኪና ቢገዛበት የሚከለክለው ሕግ የለም። የእናትየዋ የራሷ 500,000 ደግሞ እንዳለ ሳይነካ ይቀመጣል።