ከእህል ጆንያ ጎን የልጆች መጽሐፍ ለምን አስፈለገ?



«ሰው ተርቦ ሳለ የልጆች መጽሐፍ መላክ ምን ይጠቅማል?» ብላችሁ በደብዳቤ የጠየቃችሁን አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ራሳችን ከእህሉ ጋር መጽሐፍ ይጨመር የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ብዙ ተከራክረንበታል። ዛሬ የደረስንበትን ልናስረዳችሁ እንወዳለን። ይህንንም የምናደርገው ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍትሕና ስለ ተፈጥሮ ለልጆች የተጻፉ ሦስት መጻሕፍትን በመመልከት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በረኀብ ጊዜ የተገኘ መጽሐፍ

በ2001 እና በ2002 በማላዊ ብርቱ ረኀብ ነበረ። በካሱንጉ አውራጃ የሚኖረው ዊልያም ካምክዋምባ ያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ቤተ ሰቡ የሚቀምሱትን እንኳ ስላጡ የትምህርት ቤት ክፍያውን መክፈል አልቻሉም፤ ልጁም ትምህርቱን አቋረጠ። ነገር ግን በአካባቢው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት የተደረደሩበት አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ነበረ። በዚያም ስለ ኃይል ምንጮች የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ አገኘ። እንግሊዝኛው ቢከብደውም ሥዕሎቹን እያየ ነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭበትን መንገድ ተረዳ። ከአሮጌ ቢስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያ፣ ከፕላስቲክ ቧንቧና ከባሕር ዛፍ ግንድ በነፋስ የሚዞር መሣሪያ ሠርቶ አቆመ፤ በቤታቸውም አምፑል አበራ። ታሪኩ በ2009 በመጽሐፍ ከወጣ በኋላ በ2012 ለትንንሽ ልጆች በሥዕል ተዘጋጅቶ ታተመ።

ያ መጽሐፍ ረኀቡን አላስቀረም፤ በዚያ ወራት ለሰዎች የሚያስፈልጋቸው እህል ነበር። ሆኖም ከትምህርት ቤት የወጣ አንድ ልጅ መማሩን እንዲቀጥል አድርጎታል። እኛንም መጀመሪያ ያሳመነን ይኸው ነው።

የደረቀው ምንጭ

ሁለተኛው መጽሐፍ በ2008 ክሌር ኒቮላ ስለ ዋንጋሪ ማታይ ጽፋ ሥዕሉንም ራሷ የሣለችው ነው። ዋንጋሪ በ1940 በኬንያ በኒዬሪ አካባቢ ተወለደች። በልጅነቷ ውኃ ከምትቀዳበት ምንጭ አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ ነበረ፤ እናቷም ከዚያ ዛፍ ማገዶ እንዳትለቅም ትከለክላት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ስትመለስ ዛፉ ለሻይ ተክል ሲባል ተቆርጦ፣ ምንጩም ደርቆ አገኘችው።

ምክንያቱን ልጅም ቢሆን ይረዳዋል። የትልቅ ዛፍ ሥር ዐለቱን ሰንጥቆ ወደ ታች ሲወርድ የዝናቡን ውኃ ወደ ምድር ያሰርገዋል፤ ምንጩንም ይመግባል። ዛፉ ሲቆረጥ ግን ውኃው በላይ በላዩ ሮጦ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ዋንጋሪ በ1977 ሰባት ዛፎች በመትከል ሥራዋን ጀመረች። የገጠር ሴቶችም ችግኝ እያፈሉ ይተክሉ ጀመር፤ ለጸደቀውም ችግኝ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል የተተከለው ዛፍ ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በ2011 ዐረፈች።

በሥራችን አካባቢ ችግኝ ካደልን በኋላ ከብት በልቶት፣ ወይም የሚያጠጣው ጠፍቶ የደረቀበትን ጊዜ እናውቃለን። ችግኙ ለምን እንደሚያስፈልግ ልጆቹ ተረድተውት ቢሆን ኖሮ ብዙው በተረፈ ነበር እንላለን።

ስለ ሰዎቹ የጸለየችው ልጅ

ሦስተኛው በ1995 የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የሆነው ሮበርት ኮልስ የጻፈው የሩቢ ብሪጅስ ታሪክ ነው። ሩቢ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በ1960 በኒው ኦርሊየንስ ከተማ እስከዚያ ድረስ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደ ነበረ ትምህርት ቤት ስትገባ ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር የተሰበሰበው ሕዝብ ይሰድባትና ይዝትባት ስለ ነበር የመንግሥት ጠባቂዎች አጅበው ያስገቧት ነበር። ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን ስላስወጡ መምህርቷ ባርባራ ሄንሪ ዓመቱን ሙሉ ለብቻዋ አስተማረቻት። አባቷም በዚህ ምክንያት ከሥራው ተባረረ።

አንድ ቀን ጠዋት ሩቢ በሕዝቡ መካከል ቆማ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ መምህርቷ በመስኮት አየች። ምን እንዳለቻቸው ብትጠይቃት፣ ስለ እነርሱ ትጸልይ እንደ ነበረ ነገረቻት። በየቀኑ ከመድረሷ በፊት ትጸልይ ነበር፤ ያን ቀን ግን ረስታ ኖሮ እዚያው ቆማ ጸለየች። መጽሐፉ የተፈጸመውን ግፍ አይሸፍንም፤ ነገር ግን አንባቢው ልጅ በጥላቻ ወይም በፍርሃት ተሞልቶ እንዲነሣ አያደርግም። ግፍን አይተው ላደጉ ልጆች እንዲህ ያለ ታሪክ እጅግ ያስፈልጋል።

የራሳችን ስሕተት

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ልንደብቃችሁ አንፈልግም። አንድ ጊዜ በልግስና የተሰጡ መጻሕፍትን ሳንመርጥ በሣጥን አሽገን ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ላክን። ከዓመት በኋላ ብንጎበኝ ሣጥኑ ተቆልፎ ከግማሽ በላዩን ምስጥ በልቶት አገኘነው። መምህሩ አፍረው፣ «እንዳይበላሹ ብዬ ነው የቆለፍኳቸው፤ ደግሞም በማያውቁት ቋንቋ ስለ በረዶ የሚያወራ መጽሐፍ ለልጆቹ ምን ብዬ ላንብብላቸው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስንመርጥ አስቀድመን የምንጠይቀው ልጁ በሚናገረው ቋንቋ መጻፉን ነው። ሥዕሉም ብቻውን የሚያስተምር፣ ታሪኩም እውነተኛ መሆን አለበት። ደግሞም መጽሐፉን ለልጆቹ ከፍቶ የሚያነብላቸው ሰው መኖሩን ሳናረጋግጥ አንልክም።

ይህን ችግር ከእኛ አስቀድሞ ያየ ወገናችን አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከመማሪያ መጻሕፍት ሌላ የሆነ መጽሐፍ በእጁ የገባው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠራ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እንዲገዛ ቢታዘዝ በአማርኛ የሚገዛው አጣ። ስለዚህ በ2002 ስለ ማሞ የሚነገረውን የአገራችንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። የሚስዮናውያን ልጅ ሆና በማጂ ካደገችው ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር በመተባበርም በ2003 በአዲስ አበባ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ቆይቶም በአዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ።

ወገኖች ሆይ፤ ለእህል ብላችሁ የሰጣችሁትን ገንዘብ ለመጽሐፍ አናውለውም። ለመጽሐፍ የሚሰጥ ካለ ግን በተለይ ጽፎ ያስታውቀን። ከገንዘብ ይልቅ የምንለምናችሁ ሌላም ነገር አለ። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ስለ ዛፍ፣ ስለ ምንጭ፣ ስለ ፍርድ የሚናገር ታሪክ በቀላል አማርኛ ጽፋችሁ ላኩልን። ሣጥኑን ለቆለፉት መምህር በሚመጣው ጊዜ ባዶ እጃችንን መሄድ አንፈልግም።