ለኸይር ሥራ የወጣ መንገደኛ ታማሚ ሆኖ እንዳይደርስ

በዛሬው የጤና አምዳችን ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ ሩቅ አገር የሚጓዝ ሰው በመንገድ ላይ ስለሚገጥመው የጤና ችግርና ስለ መከላከያው እንመለከታለን።

እንደሚታወሰው ከነሐሴ 2009 ዓ.ም ጀምሮ ከ700,000 በላይ የሮሂንጋ ሙስሊሞች ከምያንማር ተሰደው ኮክስ ባዛር በተባለው የባንግላዴሽ አካባቢ ሰፍረዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ከሌሎች እህቶችና ወንድሞች ጋር እነርሱን ለማገልገል ሄጄ ነበር። ጉዟችን ከአዲስ አበባ ዱባይ፣ ከዱባይ ዳካ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ ነበር። አብረውን የነበሩ አንዲት የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ኢንሱሊናቸውን በትልቁ ሻንጣ አድርገው ለጭነት አስረክበው ኖሯል። ሻንጣው ዳካ አልደረሰም። እርሳቸውም ሰው ላለማስቸገር ብለው ለማንም ሳይናገሩ ተሳፈሩ። ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አድሮ ሲነጋ ራሳቸውን ሳቱ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። ነገር ግን ስደተኞቹን ልትረዳ የመጣችው ነርሳችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እርሳቸውን ስታስታምም ዋለች። እኔም የመድኃኒት ባለሙያ ሆኜ ሳለ ከመነሳታችን በፊት «እማማ፣ መድኃኒትዎን የት አደረጉት?» ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር ለእርዳታ ሄዶ የታመመ ሰው ሊረዳቸው የሄደባቸውን ሰዎች አልጋ፣ መድኃኒትና የሐኪም ጊዜ እንደሚሻማ ነው። ስለሆነም ለጉዞ መዘጋጀት ራሱ የአገልግሎቱ አካል ነው።

ከመነሳትዎ በፊት

1. ክትባት፦ ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብለው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ብዙ አገሮች የክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ ያስፈልጋል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለ ኮሌራ፣ ታይፎይድና ቴታነስ ክትባትም ይጠይቁ። በ2010 ዓ.ም በሮሂንጋ መጠለያዎች ዲፍቴሪያ የተባለው የጉሮሮ በሽታ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዞ ነበር።

2. መድኃኒት፦ በየቀኑ የሚወስዱትን መድኃኒት በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ ጉዞ ሊዘገይ ስለሚችል ከሚያስፈልግዎ በላይ ይያዙ። ኢንሱሊን ሻንጣው ባይጠፋ እንኳ በጭነት ክፍሉ ቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። አንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ የሟሟ ኢንሱሊን አይሠራም። ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ቀኑ ስለሚያጥር የመርፌውን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይወስኑ።

3. ማስረጃ፦ መድኃኒቶችን ከነማሸጊያቸውና ከሐኪም ማዘዣቸው ጋር ይያዙ። በአገራችን የሚታዘዙ እንደ ትራማዶል፣ ኮዴይንና ዳያዝፓም ያሉ መድኃኒቶች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። «ይህን አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጠዎትን መድኃኒት አይቀበሉ።

በመንገድ ላይ

ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባወጣው ጥናት መሠረት ከአራት ሰዓት በላይ የሚደረግ ጉዞ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ሆኖም በዚህ የሚጠቃው ከ6,000 መንገደኞች አንዱ ያህል ስለሆነ መጠንቀቅ እንጂ መሸበር አያስፈልግም። አውቶቡስም ከአውሮፕላን አይለይም። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ የሆነች፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የምትወስድ እህት እንዲሁም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ሐኪም ያማክሩ። አስፕሪን በራስዎ ፈቃድ አይውሰዱ። በየሰዓቱ ተረከዝዎንና ጣቶችዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ሲፈቀድም ተነስተው ይራመዱ። ለዉዱእና ለሰላት መነሳትዎም ለእግርዎ እረፍት ነው። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ቢያብጥና ባትዎን ቢያምዎ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የአውሮፕላን አየር ደረቅ ስለሆነ ውኃ በየጊዜው ይጠጡ። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህ የለመደው ነው፤ ከቆላ የሚነሳ የልብ ወይም የሳንባ ሕመምተኛ ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። በረመዷን የሚጓዙ ከሆነም ለመንገደኛ የተሰጠውን ሩኽሳ ያስታውሱ።

የእንቅልፍ ኪኒን ውጦ መተኛት ሰውነትን ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ስለሚያቆየው አይመከርም። ለመንገድ ብርታት ተብሎ ጫት መቃምም እንቅልፍ ያሳጣል፤ በኤምሬቶች ደግሞ ጫት ይዞ መገኘት በሕግ ያስቀጣል።

ከደረሱ በኋላ

ዳካ ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ እያስተካከለ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባድ ሥራ አይጀምሩ፤ ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ፤ በአገሩ ሰዓት ይተኙ። ተቅማጥ ቢይዝዎ ኦ.አር.ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውኃ መጠን በጥብጠው ይጠጡ፤ የተበጠበጠውን ከ24 ሰዓት በላይ አያቆዩ። የሚገርመው ይህ ቀላል ሕክምና ለኮሌራ የተሞከረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚያው በዳካና በሕንዷ ካልካታ ነበር።

በድካም ላይ የሰው መከራ ሲታከል ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣትና ለቅሶ ሊመጣ ይችላል። ይህ የኢማን ድክመት አይደለም። ለቡድንዎ ይናገሩ፤ እረፍት ይጠይቁ፤ ከሳምንታት በኋላ ካልለቀቀዎ ሐኪም ያማክሩ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢሰማዎም የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ወባ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል።

በመጨረሻም በቡድን ለምትጓዙ አንድ አደራ አለኝ። ከቤት ሳትወጡ እርስ በርሳችሁ «ምን ሕመም አለብህ? መድኃኒትሽ የት ነው?» ተባባሉ። እኔ ያልጠየቅሁትን እናንተ ጠይቁ። አላህ በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልሳችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም።