ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጭንቀትና ስለ አያያዙ

ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚሸኝበት ቀን የሚያስበው ስለ ስንቁ፥ ስለ ልብሱና ስለ መንገዱ ነው። ልጁ በማያውቀው አገር፥ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋራ በአንድ ክፍል እያደረ፥ ገና ያልለመደውን ትምህርት ሲቀበል በአእምሮው ላይ የሚወርደውን ሸክም አስቀድሞ የሚያስብለት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህም ልጁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር «እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ አልዋጥ አለኝ፤ ያነበብሁት ሁሉ ጠፋኝ» ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ፥ አንዱ ስንፍና ነው ይለዋል፤ ሁለተኛው የእምነት ጉድለት ነው ይለዋል፤ ሦስተኛውም የሰው ዓይን ነው ይለዋል። ከነዚህ ከሦስቱ ቃሎች አንዱም ልጁን ከጭንቀቱ አያወጣውም፤ ይልቁንም ሁለተኛ ጊዜ እንዳይናገር አፉን ይዘጋዋል።

እንግዲህ ጭንቀት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በሰው ሥጋ ውስጥ ከኩላሊቶች በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰው በመንገድ ሲሄድ ድንገት አውሬ ቢያጋጥመው እነዚህ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ያፈስሳሉ። በዚያን ጊዜ ልብ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ሰውዬውም ወይ ለመዋጋት ወይ ለመሸሽ የተዘጋጀ ይሆናል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋልተር ካነን ይህን ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ገልጦታል። ከዚያም በኋላ በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረው ሐንስ ሴልዬ አይጦችን ለብርድ፥ ለቁስል፥ ከልክ ላለፈ ድካምና ለመርዝ እያጋለጠ ሲመረምር፥ መከራው ልዩ ልዩ ሲሆን በአይጦቹ ሥጋ ላይ የሚታየው ምልክት ግን አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው፤ ይህንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. አስታወቀ። በመጀመሪያ ሥጋ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ መከራውን ለምዶ የተቋቋመው ይመስላል፤ መከራው ሳያቋርጥ የቀጠለ እንደ ሆነ ግን ኃይሉ አልቆ ይወድቃል።

ለተማሪ አውሬው ፈተና ነው። አውሬ ወይ ይጥላል ወይ ያልፋል፤ ፈተና ግን ወራት ሙሉ ከፊት ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ የተሰጠው የሥጋ መሣሪያ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ይሠራል። ኮርቲሶል የሚባለው ሁለተኛው ሆርሞን ከደም ውስጥ ሳይጐድል ሲቈይ እንቅልፍ ይርቃል፤ ሆድ ይታወካል፤ ከሁሉም ይልቅ ያነበቡትን መያዝና የያዙትን ማስታወስ ያስቸግራል። እንግዲያው «ያነበብሁት ጠፋኝ» የሚለው ተማሪ ሐሰት አልተናገረም። ይህን ያላወቀ መምህር ግን ሳያነብ የመጣ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

ይህ ሲባል ፍርሃት ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ዬርክስና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያስፈራሩ ቀላልና ከባድ ነገር ቢያስተምሩ፥ ቀላሉን ነገር ብርቱ ንዝረት ሲያፋጥነው፥ ከባዱን ግን አይጦቹ ፈጥነው የተማሩት በመጠነኛ ንዝረት ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከከባዱ ወገን ነው። ተማሪን አብዝቶ ማስፈራራት ትጋት ይጨምራል የሚለው ልማድ እንጨት ለማስፈለጥ ይረዳ እንደ ሆነ እንጂ ሒሳብ ለማስተማር አይረዳም።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ መቶ የማይሞሉ ነበሩ፤ መምህሩም ቢፈልግ እያንዳንዱን በስሙ ሊያውቀው ይችል ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። ብዙ ተማሪም በምደባ ከትውልድ ስፍራው ርቆ ይሄዳል፤ የጎጃም ልጅ በጅማ፥ የወላይታ ልጅ በደብረ ብርሃን ይማራል። የአንድ አገር ልጆች እንዲህ መተዋወቃቸው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ዳሩ ግን ቋንቋው፥ አየሩና ምግቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚለወጥበት ልጅ የመጀመሪያውን መንፈቅ እንደ እንግዳ ያሳልፈዋል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ደግሞ ስልክ ተቋርጦ፥ እናትና አባታቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ለብዙ ወራት በትምህርት ገበታ የተቀመጡ የትግራይ ልጆች ነበሩ። እነዚህ ምን ያህል እንደ ተጨነቁ ለመገመት ሆርሞን ማወቅ አያስፈልግም።

በዚህ ላይ የፈተናው ነገር አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ከስምንት መቶ ሺህ የሚበልጡ ልጆች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ሠላሳ ሺህ አይሞሉም ነበር። እንዲህ ባለ ወንፊት አልፎ የገባ ልጅ የቤተ ሰቡንና የመንደሩን ተስፋ በትከሻው ይዞ ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ትምህርቱን ጨርሶ ዲግሪውን ለመቀበል የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆነ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ከተፈተኑት ያለፉት ከእኩሌታው በታች ነበሩ። የትምህርቱን ደረጃ ለመጠበቅ ፈተና ማስፈለጉን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሸክም የሚጨምር ሰው ተሸካሚውም እንዴት እንደ ቆመ ማየት አለበት።

ከካህናት ብዙዎቹ የቆሎ ተማሪ ሆነው ያደጉ ናቸውና ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። እነርሱ ደበሎ ለብሰው፥ አኮፋዳ አንግተው፥ ቁራሽ ለምነው፥ የመንደር ውሻ እያባረራቸው ተምረዋል። «እኛ ያን ሁሉ ችለን አልፈናል፤ የዛሬው ልጅ አልጋና እንጀራ ተሰጥቶት ምን ያስጨንቀዋል?» የሚል ቃል የሚሰማውም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ግን ልዩነቱ በመከራው ብዛት ሳይሆን በአያያዙ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ርቆ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ በየኔታ ፊት ያቀርባል፤ የተሳሳተው በዚያው ይታረማል፤ ነገም ሌላ ቀን አለው። አንዱ በአንድ ዓመት የሚፈጽመውን ሌላው በሦስት ዓመት ቢፈጽመው ከጉባኤ አይባረርም፤ መምህሩ ያልተስማማው እንደ ሆነም ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ይሄዳል። ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስጠናዋል፤ የለመኑትንም በጎጆ ተሰብስበው ይበላሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ጊዜው የተቈረጠ ነው፤ በመንፈቁ ውስጥ የተወሰነውን ነጥብ ያላመጣ ይሰናበታል፤ ስሙን በማያውቅ መምህር ፊትም ከመቶና ከሁለት መቶ ሰው ጋራ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣል። በቀድሞው ኑሮ በበሽታና በረሀብ በመንገድ የቀሩ ጥቂቶች ስላልሆኑ ያን ዘመን እንዲያው ማወደስ አይገባም፤ ከዚያ የሚወሰደው ተማሪውን ብቻውን ያልተወው ሥርዓት ነው።

ተማሪው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነገር አለ። የመጀመሪያው እንቅልፍ ነው። ቀን የተነበበው ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚጸናው ሌሊት በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፥ ጫት እየቃሙ ሲያነቡ አድሮ ጧት ለፈተና መቀመጥ ውሃን በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። ሁለተኛው ሥራን መከፋፈል ነው፤ በሐሳብ ውስጥ ያለ ሥራ ተራራ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ በየቀኑ ተከፍሎ ሲጻፍ ግን የዛሬው ድርሻ ሁለት ምዕራፍ ሆኖ ይገኛል። ልብ ሲመታና እጅ ሲንቀጠቀጥ ትንፋሽን ቀስ ብሎ መሳብ፥ ከሳቡበትም ጊዜ አስረዝሞ ቀስ ብሎ መተንፈስ የልብን ምት ያበርዳል፤ ይህም በፈተና አዳራሽ ውስጥ ማንም ሳያየው ሊደረግ ይችላል። በየቀኑ ጥቂት መንገድ በእግር መሄድም የታፈነውን ኃይል ያወጣል። ተኝቶ እስከ ሌሊት እኩሌታ የእጅ ስልክን መመልከት ግን ዕረፍት አይደለም፤ በቴሌግራም የሚናፈሰው የፈተና ወሬ የስንቱን እንቅልፍ እንደ ወሰደ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ከሁሉ የሚከፋው ዝምታ ነው። ቤተ ሰቡ በሬ ሸጦ የላከው ልጅ ነጥቡ ዝቅ ሲል ለቤት መናገር ያፍራል፤ «ደኅና ነኝ» እያለ ይደውላል፤ ኋላም መደወል ይተዋል። ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ ቈይቶ እንቅልፍና ምግብ ካሳጣው፥ ከሰው ካራቀው፥ ይልቁንም ሞትን መመኘት ከጀመረ ነገሩ ከምክር አልፏልና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። እዚህ ላይ የካህናት ቃል ትልቅ ኃይል አለው። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን በአንድነት መጠቀም እንደሚችሉ በተናገሩ ጊዜ፥ ከሁለቱ አንዱን መተው ያለበት ይመስለው የነበረ ብዙ ሰው አሳቡ ዐርፏል። የንስሐ አባትም የተጨነቀውን ልጅ ጸልዮለት «ወደ ሐኪምም ሂድ» ቢለው፥ ከዘመዶቹ አንድም ሰው አይከለክለውም።

በሹማምንት በኩል የሚፈለገው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። አዲስ ተማሪ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ነባር ተማሪና ከአንድ መምህር ጋራ ቢገናኝ፥ ያም መምህር በወር አንድ ቀን ጠርቶ ቢጠይቀው፥ ነጥቡ የወደቀ ተማሪም የስንብት ወረቀት ተለጥፎ ከሚያይ ይልቅ አስቀድሞ ተጠርቶ ቢነገረው፥ የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ስፍራ ያገኛል። በየግቢው የተሾመው አማካሪም ቢሮው ከዲስፕሊን ጉዳይ ቢሮ ቢለይ ይሻላል፤ ተማሪው ሊናገር የመጣበትንና ሊከሰስ የሚጠራበትን በር አንድ ሆኖ ካገኘው ከደጅ ይመለሳልና።

ወላጅም በስልክ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አመጣህ?» ብሎ ባይሆን መልካም ነው። «ልጄ፥ እንቅልፍ ይወስድሃልን? እንጀራህን ከማን ጋራ ትበላለህ?» ያለው እንደ ሆነ፥ ልጁ የነጥቡን ነገር ራሱ አንሥቶ ያወራለታል።