ከአቦል ላይ ሆኖ ወደ ግራና የሚመለከት ቢኖር

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከግራና የምጽፍልዎ የደመወዝ ወይም የዝውውር አቤቱታ አይደለም። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዲቱ ያነሣችው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ፣ ለአንባቢዎችዎ ላካፍል ብዬ ነው።

ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ኅብረት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የየአገሩ ሕዝብ የመረጣቸውን የከዋክብትና የፕላኔቶች ስሞች ባስታወቀ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውም ፕላኔት «አቦል» ተብለዋል። (ሁለት ፕላኔቶች ቢጨመሩ ቶናና በረካ ሊባሉ ይችላሉ።) ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ልጅቱ እጇን አውጥታ፣

«መምህር፣ አቦል ላይ ሰው ቢኖርና ወደ ግራና ቢመለከት ምን ያያል?» አለችኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔንም ሳቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ነገር ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ መምህራን በጠያቂ ልጅ መሳቅን እንደ ትልቅ ነውር ይቆጥሩት ስለ ነበር፣ ጠመኔዬን አንሥቼ ወደ ሰሌዳው ዞርሁ።

አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ የጋዝ ፕላኔት ስለ ሆነች እግር የሚያርፍበት መሬት የላትም። ይሁን እንጂ ሰው አለ እንበል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየገሠገሠ ከፀሐይ ወደ እኛ በ8 ደቂቃ ሲደርስ፣ ከእኛ ተነሥቶ አቦል ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ተመልካቹ ዛሬ የሚያየው ዘመነ መሳፍንትን ነው፤ የዚሁ የእኛ አገር የየጁ መሳፍንት በጎንደር ላይ ሠልጥነው፣ ዓፄ ቴዎድሮስም ገና ካሣ የሚባሉ ልጅ ሆነው ያገኛቸዋል። የመነጽሩ ነገር ግን ያስቸግራል። ሒሳቡን ብንሠራ፣ ከዚያ ሆኖ ሁለት ሜትር የሚያህል በሬ ለይቶ ለማየት የመስተዋቱ ወርድ ከ600 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ፣ ማለት ከእኛ እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት አራት እጥፍ የሚያህል ሆነ። በእንጦጦ ያሉት የሁለቱ ቴሌስኮፖቻችን መስተዋት አንድ አንድ ሜትር ነው።

ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ ልጅቱ ቀረች። «ከአቦል የሚቀርብ ኮከብ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ፕሮክሲማ የተባለው ኮከብ መሆኑን፣ ብርሃንም እዚያ ለመድረስ 4 ዓመት ከ3 ወር እንደሚፈጅበት ነገርኋት። በጣቶቿ ቆጠረች።

«እንግዲያስ ከዚያ ሆኖ የሚያይ ቢኖር፣ አሁን የሚያየው ጥር 2013ን ነው» አለች። «አባቴ ለበልግ ያርሳል።»

አባቷ ጦርነቱ ወደ ወሎ በገባ ጊዜ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነው የሞተው።

ኮከቡን እንዳሳያት ስለ ለመነችኝ፣ አንድ ማታ ከእናቷ ጋር መጡ። ፕሮክሲማ በዓይን አይታይም፤ ጎረቤቱ አልፋ ሴንታውሪ ግን በሚያዝያ ሌሊት በደቡብ በኩል ዝቅ ብሎ ደምቆ ይታያል። እናትዬው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆማ ተመለከተች፤ የጠየቀችኝ ነገር የለም።

ያ የነሐሴ ብርሃን እዚያ የሚደርሰው በኅዳር 2018 እንደ ሆነ አስልቼ ነበር። አልነገርኋቸውም።

ከግራና፣ አንድ መምህር