ሽፍታው ለምን ይሞታል?

በደብረ ወርቅና በቢቸና አካባቢ በሠርግም በበዓልም ቀረርቶ ሲነሳ የበላይ ዘለቀ ስም አይቀርም። አባቱ ዘለቀ ላቀው ሲገደል በላይ ገና ልጅ ነበር። አድጎ ሸፈተ። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ሽፍታው አርበኛ ሆነ፤ ጎጃሜም «አባ ኮስትር» እያለ ተከተለው። ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ተሾመ፤ ብዙ ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሶማ ላይ ተከበበና ተያዘ። በ1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ።

ፊልም ለሚወድ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በታየው የ«ጎድፋዘር» ሁለተኛ ክፍል ቪቶ ኮርሊዮኔም አባቱን የተነጠቀው በልጅነቱ ነው፤ አሜሪካ ሄዶ ከበለጸገ በኋላ ሲሲሊ ተመልሶ ደሙን ይመልሳል።

የወሮበላ ፊልም አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው አሜሪካ መጠጥ መጥመቅና መሸጥ ከልክላ በነበረችበት ዘመን፣ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። ክልከላው ድብቅ ንግድ ወለደ፤ ንግዱ እንደ ቺካጎው አል ካፖን ያሉትን አከበረ፤ ሆሊውድም ወሬውን ከጋዜጣ ላይ ለቅሞ ወደ ሸራው አወጣው። በ1931 «ሊትል ሲዛር» እና «ፐብሊክ ኤነሚ»፣ በዓመቱ ደግሞ የሃዋርድ ሆክስ «ስካርፌስ» ታዩ። ከድህነት የተነሳ ጎረምሳ በጠመንጃ ከፍ ይላል፤ ጥሩ ይለብሳል፣ ይንቀባረራል፤ መጨረሻው ጥይት ነው።

ይህ መጨረሻ የደራሲ ምርጫ ብቻ አልነበረም። የሳንሱር ሰዎች ተመልካቹ በወሮበላው እንዳይቀና ሰግተው ነበር። ለ«ስካርፌስ» ዋናው ሰው በፍርድ ቤት ተፈርዶበት የሚሰቀልበት ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ፤ ዋና ተዋናዩ ፖል ሙኒ በቀረጻው ስላልነበረ የተሰቀለው ፊቱ የማይታይ ምትክ ነው! ከ1934 ጀምሮ ጥብቅ በሆነው የሆሊውድ ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም ነበር።

የእኛን ሽፍታ እንዲህ ያለ ደንብ አላሰረውም። ጫካ መግባት አንዳንዴ የሹመት ደጅ መጥኛ ነበር። ካሳ ኃይሉ ቋራ ላይ ሲሸፍት የጎንደሯ እቴጌ መነን ሊያለዝቡት የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት፤ እሱ ግን በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ለቺካጎ ወሮበላ እንዲህ ያለ በር አልተከፈተለትም። ገንዘብ እንጂ ማዕረግ አያገኝም፤ ገንዘቡም ከጥይት አያስጥለውም። የበላይ ታሪክ የሚያንገበግበው ሁለቱንም መጨረሻ ስላየ ይመስላል፤ መጀመሪያ ሹመቱን፣ ቀጥሎ ገመዱን።

ሌሎች አገሮች የወሮበላውን ፊልም የራሳቸውን ልብስ አልብሰውታል። ሕንዶቹ ጸሐፊዎች ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር በ1975 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ዓይነት ሰው ሠርተዋል፦ በ«ሾሌይ» የገጠሩን ሽፍታ ጋባር ሲንግን፣ በ«ዲዋር» ደግሞ ከቦምቤይ ወደብ የተነሳውን ኮንትሮባንዲስት። የደቡብ አፍሪካው «ፆትሲ» በ2006 እ.ኤ.አ. ኦስካር ወስዷል። በአገራችን በ1966 ዓ.ም የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ደግሞ ወሮበላ የለበትም፤ ጉዳዩ የደም ዕዳና ካሳ ነው።

በበላይ ላይ ፊልም መሥራት ለሚያስብ ግን ከ«ጎድፋዘር» ይልቅ የፍራንቼስኮ ሮሲ «ሳልቫቶሬ ጁሊያኖ» ይጠቅመዋል። በ1962 እ.ኤ.አ. የተሠራው ይህ ፊልም ስለ ሲሲሊው የተራራ ሽፍታ ነው፤ የተቀረጸውም በራሱ መንደር በሞንቴሌፕሬ፣ በመንደሩ ሰዎች ነው። የሚጀምረው ጓሮ ውስጥ ከተዘረጋ ሬሳ ሲሆን፣ የሽፍታውን ፊት በቅጡ አያሳየንም። ፖሊስ በተኩስ ገደልኩት ብሎ ነበር፤ ፊልሙ ግን ያን ቃል እየበረበረ ወደ ገዛ ጓዱ ወደ ፒሾታ ያመራል። በበላይም ዙሪያ እንዲህ የሚበረበር ነገር አለ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም ማገባደጃ ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው ወደ አባይ ሲያፈገፍጉ በላይ መንገዱን ሳይዘጋ የቀረው፣ ከጣሊያን ጋር ያበሩት የጎጃሙ መስፍን ራስ ኃይሉ በጋብቻ ስላባበሉት ነው የሚሉ አሉ። በ1937ም አብረውት ከተሰቀሉት አንዱ የእኚሁ የራስ ኃይሉ ልጅ፣ ልጅ ማሞ ነው።