«የቱን ኮክ?» ስለ አሜሪካኖች ቅላፄና የየአካባቢው ቃላት

አክስቴ ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ዳላስ፣ ቴክሳስ ተዛውራ በአስተናጋጅነት ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደንበኛ «ኮክ» ብሎ አዘዛት። ኮክ ስል ፍሬውን አይደለም፣ ኮካ ኮላውን ነው። እሷም ኮካ ኮላውን ቀድታ ወሰደችለት። ሰውየው ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ። «የቱን ኮክ እንደምፈልግ እኮ አልጠየቅሽኝም» አላት። የፈለገው ስፕራይት ነበር። ለካ በዚያ አገር ብዙው ሰው ለስላሳ መጠጥን ሁሉ በጅምላ «ኮክ» ነው የሚለው። አክስቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ሠርታ ኖራ፣ ያን ቀን ትናንት ከአውሮፕላን እንደወረደች ሰው መሆኗን እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ ይኸው የአክስቴ ወሬ ነው። እኛ እዚህ ሆነን «የአሜሪካ እንግሊዝኛ» ስንል በፊልም የምንሰማውን ይዘን አንድ ወጥ ነገር አድርገን እናስበዋለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አሜሪካዊው አፉን ሲከፍት ከየት አካባቢ እንደመጣ፣ አንዳንዴም በምን ዓይነት ኑሮ እንዳደገ ለአገሩ ሰው ይታወቅበታል። ይህ ደግሞ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቤት ያስከለከለበት፣ ወንጀለኛ ያስያዘበት፣ ንጹሑን ሰው ከእስር ያስፈታበት ጊዜ አለ። (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከቀላሉ፣ ከቃላቱ ልጀምር። ለስላሳ መጠጥ በሰሜን ምሥራቅ፣ ማለትም በኒው ዮርክና በቦስተን አካባቢ፣ እንዲሁም በካሊፎርኒያ «ሶዳ» ነው። በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያና በመካከለኛው ምዕራብ «ፖፕ» ይሆናል። በደቡብ እንዳየነው «ኮክ» ነው። ሚልዋኪ ደግሞ ጎረቤቶቿ «ፖፕ» እያሉ እሷ በመሃል «ሶዳ» ትላለች። በረጅም ዳቦ ውስጥ ሥጋና አይብ የሚገባበት ሳንድዊችም እንዲሁ ስሙ ብዙ ነው፤ ፊላደልፊያ «ሆጊ»፣ ኒው ዮርክ «ሂሮ»፣ ኒው ኢንግላንድ ውስጥ በብዙ ቦታ «ግራይንደር» ይሉታል። በትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ያለው የመጠጥ ውሃ ቧንቧ በምሥራቅ ዊስኮንሲንና በሮድ አይላንድ «በብለር» ይባላል። ሌላው አሜሪካዊ ይህን ቃል ቢሰማ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል።

እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን የ«እናንተ» ጉዳይ ነው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ እያልን ለያይተን እንጠራለን። እንግሊዝኛ ግን ለአንዱም ለመቶውም «ዩ» ብቻ ነው ያለው። ጥንት ነጠላውን የሚለይበት ቃል ነበረው፣ በጊዜ ብዛት ከዕለት ተዕለት ንግግር ጠፋ። ሕዝቡ ታዲያ ጎዶሎውን በየቦታው በራሱ መንገድ ሞላው። ደቡቡ «ያል» አለ። ኒው ዮርክና ፊላደልፊያ «ዩስ» አሉ። ፒትስበርግ «ዪንዝ» አለች፤ ይህኛው በ18ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን አየርላንድ ተነሥተው በፔንስልቬንያ በኩል ከገቡት፣ ዘራቸው ከስኮትላንድ ከሆነ ሰፋሪዎች የመጣ ነው። የሰዋስው መምህራን እነዚህን ሁሉ «ስህተት» ሲሉ ኖረዋል። እኔ ግን የቋንቋውን ቀዳዳ የደፈነ ሰው ቢመሰገን እንጂ ቢወቀስ አይገባውም ባይ ነኝ።

እነዚህን ቃላት መሰብሰብ የሰው ዕድሜ የሚፈጅ ሥራ ነው። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፍሬደሪክ ካሲዲ (ትውልዳቸው ጃማይካ ነው) ከ1965 እስከ 1970 ድረስ ሠራተኞቻቸውን በመላ አገሪቱ ወደ 1,002 አካባቢዎች ላኩ። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። መኝታ ባላቸው መኪኖች እየዞሩ ከ1,600 በላይ ጥያቄዎች ያሉትን መጠይቅ ለገበሬው፣ ለባለሱቁ፣ ለአሮጊቷ ሲያነቡ ከረሙ። የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ ቅጽ የታተመው በ1985 ሲሆን እስከ «ዜድ» ያደረሰው 5ኛው ቅጽ የወጣው በ2012 ነው። ካሲዲ በ2000 ስለሞቱ ፍጻሜውን አላዩም። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ «ወደ ዜድ!» የሚል ተጽፎበታል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጥም አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። በታኅሣሥ 2013 ኒው ዮርክ ታይምስ በጥያቄና መልስ የአንባቢውን የትውልድ አካባቢ በካርታ የሚገምት ሥራ በድረ ገጹ አወጣ። ዓመቱ ሊያልቅ የቀረው ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ነበር፤ ሆኖም የዚያ ዓመት በብዛት የታየው የጋዜጣው ገጽ እሱ ሆነ። የሠራው ጆሽ ካትዝ በወቅቱ በቋሚነት እንኳ ያልተቀጠረ ተለማማጅ ነበር።

ቃል ወንጀለኛ ያስያዘበትን ታሪክ የሚተርኩት የሥነ ልሳን ሊቁ ሮጀር ሹይ ናቸው። ሰው ታግቶ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። ጸሐፊው ያልተማረ ለመምሰል ቀላል ቀላል ቃላትን አበላሽቶ ጽፏል፣ ከባዶቹን ግን አስተካክሎ ነው የጻፋቸው። ገንዘቡ የሚቀመጠው «በዴቪል ስትሪፕ» ላይ ካለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው ይላል። «ዴቪል ስትሪፕ» ማለት በእግረኛ መንገድና በአስፋልቱ መካከል ያለች ሣር የበቀለባት መሬት ናት። እንዲህ ብለው የሚጠሯት ደግሞ በኦሃዮ ግዛት የአክሮን ከተማ ሰዎች ናቸው። ሹይ ፖሊሶቹን «ከተጠርጣሪዎቻችሁ መካከል የተማረ የአክሮን ሰው አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ። አንድ ነበር። ሰውየውም አመነ። ፊደል ሲያበላሽ ያቺን ቃል ያልነካት ለምንድን ነው ቢባል፣ የአገሩ ቃል መሆኗን ስለማያውቅ ነው። ለእሱ እንግሊዝኛ ናት በቃ።

ወደ ቅላፄው ልለፍ። የአሜሪካን ቅላፄ ለማጥናት በር የከፈቱት ዊልያም ላቦቭ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ በፊት የኅትመት ቀለም የሚሠሩ ኬሚስት የነበሩ ሰው ናቸው፤ በታኅሣሥ 2024 አረፉ። በ1962 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በኒው ዮርክ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ውስጥ ዞሩ። አንዱ የባለጸጋ (ሳክስ)፣ ሁለተኛው የመካከለኛው ነዋሪ (ሜሲስ)፣ ሦስተኛው የርካሽ ዕቃ (ክላይን) ነበር። የሚያደርጉት ቀላል ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚሸጥ ዕቃ መርጠው «እገሌ ዕቃ የት ነው?» ይላሉ። ሻጩ «ፎርዝ ፍሎር» ይላል። ያልሰሙ መስለው «ይቅርታ?» ይላሉ፤ ሻጩ ጠንከር አድርጎ ይደግመዋል። ከዚያ ዞር ብለው «አር» የምትለው ድምፅ መሰማት አለመሰማቷን ይጽፋሉ። በዚህ መንገድ 264 ሠራተኞችን አናገሩ። በሳክስ ከመቶ 62፣ በሜሲስ 51፣ በክላይን ግን ወደ 20 የሚሆኑት ናቸው «አር»ን ቢያንስ አንዴ ያሰሙት። ሻጮቹ ደመወዛቸው ያን ያህል የተራራቀ አልነበረም። የተለያየው የደንበኛው ዓይነት ነው፤ የሻጩ አፍ ወደ ደንበኛው አፍ ይሳባል። (ሰውን ሳያሳውቁ እንዲህ ማጥናት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ለሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ እተወዋለሁ።)

ይህች «አር» ታሪክ አላት። በቅኝ ግዛት ዘመንና ከዚያም በኋላ እንደ ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ቻርልስተን ያሉ የወደብ ከተሞች ከለንደን ጋር ስለሚገናኙ የለንደንን ጨዋ አነጋገር ተከትለው «አር»ን ጣሉ። ወደ መሃል አገር የገቡት ሰፋሪዎች ግን ያዟት። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የከበርቴ ልጅ ስለነበሩ «አር»ን ይጥሉ ነበር፤ ያኔ መጣሏ ክብር ነበራ! ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ ተገለበጠና በኒው ዮርክ «አር» መጣል የድሃ ሰፈር ምልክት ሆነ። የቦስተኑ ጆን ኬኔዲ ደግሞ በ1962 በሚሳይሉ ቀውስ ጊዜ «ኩባ»ን «ኩበር» ሲሏት አገር ሰምቷል፤ ካለበት የጣሏትን «አር» ከሌለበት ቦታ ከተቷት። ያችን ድምፅ መጣል በአንድ ትውልድ ውስጥ ከክብር ወደ ውርደት ወረደ። በድምፁ በራሱ ላይ ጥሩም መጥፎም የለም ማለት ነው።

ላቦቭ ራሳቸው ዕውቀታቸውን ለፍርድ ቤት ያዋሉበት ጉዳይ አለ። በ1984 በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ የፓን አሜሪካን አየር መንገድ የጭነት ሠራተኛ የነበረ አንድ ሰው «ቦምብ ይፈነዳል» ብለሃል ተብሎ ታሰረ። በስልክ የመጣው ዛቻ ተቀድቷል፣ አለቆቹም ድምፁ የሱ ነው አሉ። ምክንያቱም ደዋዩም እሱም እንደ ምሥራቅ ሰው ነው የሚናገሩት። ሁለቱም «አር»ን ይጥላሉ። ለካሊፎርኒያ ጆሮ ቦስተንም ኒው ዮርክም ያው ነው። ላቦቭ ቅጂውን ሲሰሙ ግን ደዋዩ የቦስተን አካባቢ ሰው፣ ተከሳሹ ደግሞ የኒው ዮርክ ሰው መሆኑን ወዲያው ለዩ። የኒው ዮርክ ሰው «ቦምብ» በሚለውና «ኦፍ» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉትን አናባቢዎች ለያይቶ ነው የሚጠራው። የቦስተን ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ደዋዩ አንድ አድርጓቸዋል። ይህን በልጅነት ያላገኘ ሰው በኋላ አስመስሎ በትክክል ሊጠራው እንደማይችል ለፍርድ ቤቱ አስረዱ። ለወራት የታሰረው ሠራተኛ በነፃ ተለቀቀ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናውም። ጆን ባው የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ሊቅ በሎስ አንጀለስ ያደጉ በመሆናቸው ሦስት ዓይነት አነጋገር ይችላሉ፤ የጥቁሮቹን፣ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውንና «መደበኛ» የሚባለውን። ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 ባሳተሙት ጥናት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ቤት እናከራያለን ወዳሉ ሰዎች አንዱን ጥያቄ በሦስቱም ድምፅ እየደወሉ ጠየቁ። ነጮች በብዛት በሚኖሩባትና ሀብታም በሆነችው ዉድሳይድ «መደበኛው» ድምፅ ከመቶ ወደ 70 ጊዜ «ና ቤቱን እይ» ሲባል ሁለቱ ሌሎች 30 እንኳ አልደረሱም። አከራዮቹ የደዋዩን ፊት አላዩም። «ሄሎ» ሲባሉ ጨረሱ።

በተለይ እኛን የሚመለከተን ደግሞ በ2019 የወጣው የፊላደልፊያ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ በከተማዋ ፍርድ ቤቶች የምስክሮችን ቃል የሚጽፉ 27 ባለሙያዎችን የጥቁር አሜሪካውያን ንግግር አሰምተው አስጻፉ። እነዚህ ሰዎች ከመቶ 95 ትክክል ይጽፋሉ የሚል የምስክር ወረቀት ያላቸው ናቸው። ውጤቱ ሲታይ ሙሉ በሙሉ በትክክል የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ከመቶ ወደ 60 ብቻ ነው። «እሱ እዚያ ሰፈር አይውልም» ያለው ሰው ቃሉ «እኛ እዚህ ሰፈር ልንሆን ነው» ተብሎ ተጻፈ። ልብ በሉ፣ ይህ መዝገብ ላይ የሚቀር፣ ይግባኝ ሲባል ዳኛ የሚያነበው ነው። ቴፕ ሰምተን የሰው ቃል ወደ ወረቀት የምንገለብጥ እኛም የማናውቀው ዘዬ ሲገጥመን እንደሚመስለን አድርገን ነው የምንጽፈው። እኔ ባለፈው ሴሚስተር አድርጌዋለሁ።

የዜና አንባቢ ቅላፄ ከየት መጣ የሚለውም አለ። ኤንቢሲ በ1943 የአነባበብ መመሪያ መጽሐፍ ያሳተመ ሲሆን የተያዘው መንገድ የመሃል አገሩና የምዕራቡ፣ «አር»ን የማይጥለው አነጋገር ነበር። ይህ «ቅላፄ የሌለው» ይባላል። ቅላፄ የሌለው አነጋገር ግን የለም። የሳውዝ ካሮላይናው ኮሜዲያን ስቲቨን ኮልቤር በልጅነቱ ቴሌቪዥን የደቡብ ሰውን እንደ ሞኝ ሲያሳይ ስላየ የአገሩን አነጋገር ሆን ብሎ እንደጣለ በ2006 ለሲቢኤስ ተናግሯል። መምህራኖቻችን አይቀየሙኝና፣ በልምምድ ሰዓት «ቅላፄህን አስተካክል» የተባለ የጎጃም ወይም የወሎ ጓደኛ የሌለው ከመካከላችን ማን ነው?

ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ሁሉንም አንድ ያደርገዋል ብሎ ያስባል። ላቦቭና ባልደረቦቻቸው በ2006 ያወጡት ትልቁ የሰሜን አሜሪካ የድምፅ አትላስ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየው። እንደ ቺካጎ፣ ዲትሮይትና ቡፋሎ ባሉ ከተሞች አናባቢዎቹ በ20ኛው መቶ ዘመን ከሌላው አገር እየራቁ ነበር የሄዱት። ሰው ቅላፄ የሚይዘው አብሮት ከሚጫወት ሰው እንጂ ከሳጥን አይደለም። የሰው መዘዋወር ግን ያዋህዳል። በጆርጂያ በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በነጮቹ ዘንድ የደቡቡ ቅላፄ ጎልቶ የተሰማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ በተወለዱት ላይ ሲሆን፣ ከ1965 በኋላ በተወለዱት ላይ በፍጥነት ወርዷል። ከሌላ ግዛት የመጣው ሰው በዝቷልና።

አንዱ ሲደክም ሌላው ይወለዳል። የማያሚ ወጣቶች፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ አፋቸውን ያልፈቱት ጭምር፣ «ከመኪና ውጣ» በማለት ፋንታ «ከመኪና ውረድ» እንደሚሉ እዚያው ያሉ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከወላጆቻቸው ስፓኒሽ በቀጥታ የተገለበጠ ነው። ይህን ለአክስቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። «ታዲያ እንግሊዝኛው ምን ይል ኖሯል?» አለችኝ። ለካ እሷም ዳላስ ውስጥ ልጆቿን ትምህርት ቤት በር ላይ ስታደርስ በእንግሊዝኛ «ውረዱ» ነው የምትላቸው፣ ልጆቹም እርስ በርሳቸው እንዲሁ ይባባላሉ።